የኢቫዲን ቃል፣ የዴልፊያ ድምፅ

ዴልፊያ ስታምፐር ታላቁን ዘፋኝ ሬይፎርድ ሃልኮምን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየው፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ እግሩን የቆርቆሮ ገንዳ ውስጥ ነክሮ፣ ከጣሳ ባቄላ እየበላ ነበር።

ያ ድምፁ በሬዲዮ ሲመጣ የኬንታኪ ተራራ ሴቶችን የያዙትን ሥራ የሚያስጥላቸው ሰው! ያ በሐሳቧ ሁልጊዜ ነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ የሚታያት ሰው!

ደንግጣ በሩ ላይ ቆመች። እሱም ማንኪያውን አፉ አጠገብ እንደያዘ ቀና ብሎ አያት።

«ዘፋኝ አምጡልኝ አልኩ እንጂ፣ የማሳድጋት ልጅ አምጡልኝ አልኩ?» አለ ከኋላዋ የቆመውን አስተዋዋቂ።

የዴልፊያ ጆሮዋ ጋለ። ዝም ብትል ይሻላት ነበር፤ ግን ዝም ማለት በዘሯ አልነበረም።

«እኔስ ዘፋኝ ጋ ወሰዱኝ ብዬ ነው እንጂ፣ እግራቸውን የሚታጠቡ ገበሬ ጋ መሆኑን መች አወቅኩ!»

አስተዋዋቂው ሳቁን ዋጠ። ሬይፎርድ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠና... ሳቀ። ከልቡ ሳቀ።

ጊዜው በፈረንጆቹ የ1962 በጋ ነበር። የአውራጃው ዓመታዊ ባዛር ሜዳ በሰው ጢም ብሏል። አብራው የምትዘፍነው ሴት ግን በዚያው ጠዋት «ባል አግብቻለሁ» ብላ ከአንድ መኪና ሻጭ ጋር ጠፍታለች። ሰው የመጣው ደግሞ የሁለቱን ቅብብሎሽ ሊሰማ ነው። አስተዋዋቂው «ዘፈኖቹን የሚያውቅ የአገር ልጅ አለ ወይ?» ብሎ ሲጣራ፣ የዴልፊያ አክስት ሉላ ከኋላዋ ገፍትራ ወደ ፊት አወጣቻት። ዴልፊያ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። በአዘቦት ቀን ሸሚዝ ፋብሪካ ኮሌታ ትሰፋለች፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች።

«ለመሆኑ ዘፈኖቼን ታውቂያቸዋለሽ?» አላት ሬይፎርድ እግሩን እያደረቀ።

«የማያውቅ አለ እንዴ? የአክስቴ ላም እንኳ ካልሰማቻቸው አትታለብም።»

መድረክ ላይ ወጡ። እሱ የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፈነና ማይኩን ለእሷ ለቀቀላት። ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ጫፉ ላይ እንደ ስንጥቅ ነገር አለው። ፊት ለፊት የተቀመጠ አንድ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ዴልፊያ ዓይኗን ስትገልጥ ሬይፎርድ ተራው ደርሶ እንኳ አልጀመረም። ዝም ብሎ ያያታል።

ከመድረክ ሲወርዱ፣ «በአፍንጫሽ እኮ ነው የምትዘፍኚው» አላት።

«በአፍንጫዬም ይሁን፣ ሰው ግን አልቅሷል።»

«እሱማ አልቅሷል...» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «ሰኞ ሸክላ ለማሳተም ናሽቪል እንገባለን። ልብስሽን አዘጋጂ።»

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ።

ዓመት ሳይሞላ የሁለቱ ሸክላ ያልገባበት ቤት ጠፋ። የባንዱ አውቶቡስ ከከተማ ከተማ ስትዞር፣ ሬይፎርድ መስኮት አጠገብ ያለውን ቦታ ሁልጊዜ ለዴልፊያ ይለቅላታል። ሲበርዳት ካፖርቱን ይጥልባታል። «እርስዎ» ማለቷ ሳይታወቃት ወደ «አንተ» ወረደ። መድረክ ላይ እጇን ይዞ ዓይን ዓይኗን እያየ ሲዘፍን፣ ሕዝቡ «ተሳሙ! ተሳሙ!» እያለ ይጮሃል። ጋዜጦችም «የካንትሪ ሙዚቃ ባልና ሚስት» ብለው ስም አወጡላቸው።

ሬይፎርድ ስለ ቤቱ አያወራም። እሷም አልጠየቀችም። ጣቱ ላይ ቀለበት የለም... ሌላ ምን ትጠይቅ?

አንድ ቀን ታዲያ፣ «እሁድ ቤት ነይ» አላት። «አዲስ ዘፈን አለ። የጻፈው ሰውም ሊያይሽ ይፈልጋል።»

የጻፈው ሰው! ዴልፊያ ዘፈኖቹን የሚጽፋቸው እሱ ራሱ መሆኑን ሸክላው ላይ አንብባለች። ሰበብ ነው አለች በልቧ። አይናፋር ወንድ ሰበብ ይፈልጋል። ሊጠይቀኝ ነው!

እሁድ ዕለት ሰማያዊ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን እንደ ጉልላት አስቆልላ፣ በሩን አንኳኳች።

በሩን የከፈተችላት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠች፣ ቀይ ፀጉር ያላት፣ ፊቷ ጠቃጠቆ የበዛበት ሴት ናት። ዴልፊያን ከላይ እስከ ታች አየቻትና በሳቅ ፈነዳች።

«ሬይፎርድ! ና ውጣ! ሚስትህ መጥታለች!»

ዴልፊያ ደርቃ ቀረች።

«ቀልዴን ነው ልጄ! ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ሲያጋባችሁ ስለሚውል ነው። ኢቫዲን እባላለሁ፤ እውነተኛዋ እኔ ነኝ። ግቢ፣ ዶሮው ይቀዘቅዛል...»

ንግግሯ መሃል ላይ ተቋረጠ። የዴልፊያን ፊት አይታለች። ሰማያዊውን ቀሚስ አየችው፤ ፀጉሩን አየችው። ሳቋ ጠፋ።

«አልነገረሽም?»

ዴልፊያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ሬይፎርድ!»

«አቤት?» እያለ ሽርጥ ታጥቆ ከወጥ ቤት ብቅ አለ።

«ለዚች ልጅ ሚስት አለኝ ብለህ አልነገርካትም?»

«ሁሉም ያውቃል ብዬ... ባንዱ ውስጥ የማያውቅ የለም እኮ...»

«ቀለበትህን አውልቀህ ኪስህ ከተህ፣ በምን ትወቅ? በመንፈስ?»

ቀለበቱን ያስወለቀው ሸክላውን የሚያሳትመው ሰውዬ ነበር። ኔልምስ ይባላል። «ሰው የሚገዛው ፍቅራችሁን ነው። ቤትህ ያለችውን አታንሣ፤ እሷም ደጅ አትታይ» ብሎ ነበር። በዘፈኖቹም ላይ የሬይፎርድን ስም ያተመው እሱው ነው። ሬይፎርድ መጀመሪያ ተቃወመ፤ በኋላ ዝም አለ፤ ቆይቶም ለመደው።

ዴልፊያ ዞራ ልትሮጥ ስትል ኢቫዲን ክንዷን ያዘቻት። ለበሽተኛ ጠንካራ እጅ ነበራት።

«ቆይ። ዘፈኑን ሳትሰሚው አትሄጂም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። የምትዘፍኚያቸውን ሁሉ እኔ ነኝ የጻፍኳቸው።»

እዚያው በራፉ ላይ፣ ቀስ ባለ ድምፅ አነበበችላት፦

«መንገዱ ሲያደክምህ፣ ና ወደዚህ ደጅ፤
መብራቱን አላጠፋ፣ እጠብቃለሁ እንጂ።»

«እግሬ ከከዳኝ ወዲህ እሱ ያለበት መድረስ አልችልም» አለች ኢቫዲን። «አንቺ ግን ትደርሻለሽ። የኔን ቃል ይዘሽልኝ ትደርሻለሽ።»

«አልችልም እመቤቴ... አሁንማ አልችልም።»

«ትችያለሽ። በሬዲዮ ስሰማሽ እኮ 'ልክ እንዲህ ነበር ያልኩት፤ ይቺ ልጅ ገብቷታል' እላለሁ። ሌላ ሴት አምጥተው እንዲያበላሹብኝ አልፈልግም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስላልነገረሽ ይቅርታ። ቀሚስሽ በጣም ያምርብሻል።»

ዴልፊያ በዚያ ቀን አለቀሰች። ግን አልሄደችም።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ከዚያ ቤት የማትቀር ሆነች። ሁለቱ ሴቶች ወጥ ቤት ገብተው በር ይዘጋሉ፤ የሳቃቸው ድምፅ ግቢው ድረስ ይሰማል። ኬክ ያሳርራሉ፤ ኔልምስን ያማሉ። ሬይፎርድ «ስለኔ ነው አይደል የምታወሩት?» እያለ በሩን ሲያንኳኳ፣ «ከአንተ የተሻለ ወሬ አጥተን ነው?» ይሉታል።

መድረክ ላይ ዴልፊያ የኢቫዲንን ቃል ለኢቫዲን ባል ትዘፍናለች። እያንዳንዱን ቃል ከልቧ ታወጣዋለች። ከመድረክ ስትወርድ ግን እጇን ከእጁ ታላቅቃለች። ስንት ወንድ ለትዳር ጠየቃት፤ ለሁሉም «መንገድ ላይ ነኝ» ነበር መልሷ። ሬይፎርድም አንድ ቀን ከመስመር አላለፈም። እያደር ግን ዘፈኑ ሲያልቅ ዓይኑን ቶሎ ማንሣት እያቃተው መጣ።

በዚህ ሁሉ መሃል የተጎዳች አንዲት ልጅ ነበረች። የሬይፎርድና የኢቫዲን ልጅ፣ ግሌንዳ። ትምህርት ቤት «የአባትሽ ሚስት ዴልፊያ ናት፤ ወንበር ላይ ያለችው ሠራተኛችሁ ናት?» እያሉ ያበሽቋታል። ግሌንዳ ማንንም አልመታችም፤ ለማንም አልተናገረችም። ዴልፊያ ስትመጣ ግን ደረጃውን ወጥታ ክፍሏን ትቆልፋለች።

በ1977 መከር ላይ ኢቫዲንን ሕመሙ ጸናባት። ዴልፊያ ጉዞውን ሰርዛ አጠገቧ ተቀመጠች። ከመስኮቱ ውጪ ቅጠሉ ሁሉ ቀልቶ ይረግፋል።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች ኢቫዲን አንድ ከሰዓት። «ለዘፈኑ ብለሽ ብቻ እንደማትዘፍኚ አውቃለሁ።»

ዴልፊያ አንገቷን ደፋች። «ይቅር በይኝ...»

«ምን አድርገሽኝ? ሰው ልቡን ምን ያደርገዋል? እጅሽን ግን ሰብስበሽ ኖርሽልኝ።» ትንሽ አረፍ አለችና ፈገግ አለች። «ብቻውን አይሆንም እሱ ሰውዬ። ካልሲው የት እንዳለ እንኳ አያውቅም።»

«ተይ ኢቫዲን!»

«እሺ ተውኩ። ውሃ ስጪኝ።»

በዚያው ሳምንት አረፈች። ጋዜጣው በአንዲት ጠባብ ዓምድ ላይ «የሬይፎርድ ሃልኮም ቤተሰብ አባል ዐረፉ» ብሎ ጻፈ። ሚስት አላለም። ስሟንም አላነሣም።

ከቀብር ሲመለሱ የሃያ ዓመቷ ግሌንዳ ዴልፊያ ፊት መጥታ ቆመች። ዓይኗ ደርቋል።

«አሁን ደስ ይበልሽ» አለቻት። «መንገዱ ተጠርጎልሻል።»

ዴልፊያ መንገድ ለቀቀችላት። ያ ቃል ግን ደረቷ ውስጥ ተቀምጦ ቀረ።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ የጸደይ ጠዋት ሬይፎርድ በቤቱ በረንዳ ላይ አጠገቧ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክር ጀመር።

«ዴልፊ... ሰው ሁሉ ባልና ሚስት ናቸው ይለናል። እውነት እናድርገውና ይረፉ።»

«ትወደኛለህ?»

«ይሄ ይጠየቃል?»

«እኔም እወድሃለሁ። እግርህን ስትታጠብ ካየሁህ ጀምሮ ነው የወደድኩህ» አለች። «ግን አላገባህም።»

«ለምን?»

«እኔ ዛሬ ካገባሁህ ኢቫዲን ጭራሽ አልነበረችም ማለት ነው! ሰው 'ድሮም ባልና ሚስት ነበሩ' ብሎ ያልፋል። ልጅህ ምን ትላለች? ቃሉ የማን እንደነበረ ማን ያውቃል? ንገራቸው ሬይፎርድ። ሚስቴ ነበረች በል። ዘፈኖቹ የሷ ናቸው በል። ያን ጊዜ አገባሃለሁ።»

ሬይፎርድ ባርኔጣውን ማሽከርከር አቆመ። «ኔልምስ ውሉን ይቀድደዋል። ሰውስ ምን ይለኛል? ይሄን ሁሉ ዓመት ዋሸን ነው የሚለኝ... ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»

«የሷ ጊዜ አልቋል እኮ።»

እሱ ባርኔጣውን አጠለቀ። እሷም ሻንጣዋን ያዘች።

ወደ ተራራው፣ ወደ አክስቷ ቤት ተመለሰች። ቀሚስ እየሰፋች፣ የቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን መዝሙር እያስተማረች ትኖር ጀመር። ከተማው ውስጥ ያያት ሁሉ «ባልሽ ደህና ነው?» ይላታል። ምን ትበል? «ደህና ነው» ትላለች።

ሬይፎርድ ብቻውን መዝፈኑን ቀጠለ። ሌላ ሴት አላስገባም። የዴልፊያ ስንኝ ሲደርስ ከማይኩ ፈቀቅ ይልና፣ ጊታሩ ብቻ ይጫወታል፤ ቃል የለበትም። ዴልፊያ በሬዲዮ ያንን ባዶ ቦታ ስትሰማ እጇ መስፊያው ላይ ይቆማል። ከንፈሯ ሳይታወቃት ቃሉን ይለዋል...

እንዲህ እያለ ዓመታቱ ሄዱ። ኔልምስ ሞተ። ፀጉሯ ሸበተ። እሱም ስልሳ ሞላው።

በ1988 ግንቦት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንዲት መኪና በሯ ላይ ቆመች። የወረደችው ሴት ቀይ ፀጉር፣ ጠቃጠቆ የበዛበት ፊት... ዴልፊያ ለቅጽበት ኢቫዲን በእግሯ ቆማ የመጣች መሰላት።

ግሌንዳ ነበረች።

«ዛሬ አባዬን ሊያከብሩት ነው» አለች ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ። «የአውራጃው ፍርድ ቤት ፊት የመታሰቢያ ድንጋይ አቁመውለታል። መኪና ውስጥ ግቢ።»

«እኔ እዚያ ምን አለኝ?»

«አላውቅም። ትናንት ማታ እራት ላይ ቁጭ አድርጎ ዛሬ የሚናገረውን ነገረኝ። አንቺ አላገባህም ያልሽው ለምን እንደሆነም ነገረኝ።» ግሌንዳ ወደ ተራራው ዞር አለች። «ይሄን ሁሉ ዓመት አንቺ የጠፋሽው እኔ ስላባረርኩሽ ይመስለኝ ነበር። ለእናቴ ብለሽ መሆኑን... አላውቅም ነበር።»

«ለሁለታችሁም ብዬ ነበር ልጄ።»

ግሌንዳ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና፣ «በቃ ግቢ! ይጀምራሉ!» ብላ ጮኸችባት።

ፍርድ ቤቱ ፊት ያለው ሣር በሰው ተሞልቷል። ሁለቱ ሴቶች ከኋላ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሬይፎርድ ቀስ ብሎ ወደ ማይኩ መጣ። ከስቷል። ሰው አጨበጨበ፣ አፏጨ። እሱ ግን እጁን አነሣ።

«ይሄ ድንጋይ ላይ የኔ ስም ብቻ ነው ያለው» አለ። «ስህተት ነው። ከእነዚያ ዘፈኖች አንዱንም አልጻፍኩም። የጻፈቻቸው ኢቫዲን ሃልኮም ናት። ሚስቴ። እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ሚስቴ ነበረች። ወንበር ላይ ተቀምጣ ጻፈቻቸው፤ እኔ ደግሞ ሸክላው እንዲሸጥ ብዬ ቤት ውስጥ ደበቅኳት። ስሟን ፍቄ የራሴን ለጠፍኩ። ልጄም አፍራ እንድታድግ አደረግኩ። ሰው ሳይሆን እኔ ነኝ ያደረግኩት።»

ፊት ለፊት ሸክላ ታቅፋ የነበረች አንዲት ሴትዮ ብድግ አለች።

«ታዲያ ስናለቅስ የኖርነው በውሸት ነው?» ብላ ሸክላውን ወንበሯ ላይ ጥላ ሄደች። ሌሎችም ተከተሏት። ሬይፎርድ አልጠራቸውም፤ ቆሞ አያቸው።

«ውሸቱ የኔ ነበር» አለ። «ቃሉ ግን እውነት ነው።»

አንድ ሽማግሌ ከመሃል ተነሡ። «እሺ ይሁን፣ ዴልፊያስ? ዴልፊያን አትወዳትም ነበር ማለት ነው?»

ሬይፎርድ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጠይቄያት ነበር» አለ። «ይሄን ዛሬ ያልኩትን ነገር ያኔ በልና አገባሃለሁ አለችኝ። ፈራሁ። እሷ ልክ ነበረች።»

ግሌንዳ ዴልፊያን በክርኗ ጎሸመቻት። «ተነሺ!»

«እግሬ እምቢ አለኝ...»

«እናቴ ብትሆን በወንበሯ እየነዳች ትደርስ ነበር! ተነሺ!»

ዴልፊያ ተነሣች። ድምፅዋ ከየት እንደወጣ ራሷም አላወቀችም።

«ሬይፎርድ!»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። እሱ ማይኩን በሁለት እጁ ያዘ።

«ዴልፊ...?»

«አሁን ጠይቀኝ!»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት ነው እንጂ!»

«ዴልፊያ ስታምፐር... ታገቢኛለሽ?»

«አገባሃለሁ! እስካሁን ምን ስትሠራ ነበር?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ወደ ሰማይ ወረወሩ። የሣሩ ሜዳ በሳቅና በእልልታ ተደበላለቀ። ዴልፊያ በሰው መሃል አልፋ እስክትደርስለት ሬይፎርድ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር።

በሰኔ፣ በተራራው ላይ ባለችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ከሙሽራዋ ጎን የቆመችው ግሌንዳ ናት። ዴልፊያ ወደ ሬይፎርድ ቤት ስትገባ መጀመሪያ ያደረገችው የኢቫዲንን ፎቶ ከጓዳ አውጥታ ሳሎን መስቀል ነው። ሸክላዎቹ እንደገና ሲታተሙ በየዘፈኑ ሥር የኢቫዲን ስም ተጻፈ። አንዳንድ ሰው ሬይፎርድን እስከ መጨረሻው ይቅር አላለውም። ብዙው ግን ዘፈኖቹን አዲስ ጆሮ ይዞ ሰማቸው። የጻፈቻቸው ባሏን የምትጠብቅ ሴት መሆኗን ካወቀ በኋላ የባሰ አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት አብረው ኖሩ። ጥሩ ዓመታት ነበሩ። ተጣሉ፣ ታረቁ፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ድምፃቸው እስኪሻክር ዘፈኑ። አንድ የበልግ ጠዋት ሬይፎርድ ከእንቅልፉ ሳይነሣ ቀረ።

ለቀብሩ ከሩቅ ከሩቅ ሰው መጣ። ዘፈኖቹ ሲወጡ ያልተወለዱ ወጣቶች ጊታራቸውን በጀርባቸው አዝለው መጥተው መቃብሩ ዙሪያ ዘፈኑለት። በኢቫዲን ጎን ቀበሩት። የዴልፊያ ምርጫ ነበር።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ሁለቱ ሴቶች ብቻ ቀሩ። ግሌንዳ የዴልፊያን ክንድ ያዘች።

«ላንቺም ቦታ ገዝቼልሻለሁ» አለቻት። «ከተቀየምሽኝ ንገሪኝ።»

ዴልፊያ በሬይፎርድ ጎን ያለውን ባዶ ሣር አየች። «ለምን እቀየምሻለሁ ልጄ? ከሱ ጎን...»

«እዚያ አይደለም» አለች ግሌንዳ። በእናቷ መቃብር ወዲያ ማዶ ያለውን አሳየቻት። «እዚህ ነው፤ ከእናቴ ጎን። እሁድ እሁድ በዚያ ቤት ውስጥ የሰማሁት ሳቅ የሁለታችሁን ነበር። እሷ ናት የምትፈልግሽ።»

ዴልፊያ የግሌንዳን አንገት አቅፋ፣ እያለቀሰች ሳቀች... ግሌንዳም አብራት ሳቀች።